ሊጡ ሳይቦካ ንገሩን!

ነገሩ የፒዛ ነው። ፒዛ ብዬ ስጀምር «ሰውየው ጤና የለውም እንዴ? አገር እንዲህ በሚታመስበት ጊዜ ፒዛ ታየው?» የሚል አንባቢ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ይበል! እኔ በበኩሌ ስለ ሰላም፣ ስለ ልማት፣ ስለ ሕግ የበላይነት የተጻፈውንና የተለፈፈውን ሁሉ ስሰማ ኖሬ፣ ነገሩ ወለል ብሎ የታየኝ በ2017 ዓ.ም ጥር ወር፣ ደባርቅ ከተማ፣ አራት ጠረጴዛ ባላት አንዲት ፒዛ ቤት ውስጥ ነው። በዚያች ቤት ሦስት ሰዎች ሆነን «በየትኞቹ ቀኖች፣ ከስንት ሰዓት እስከ ስንት ሰዓት እንክፈት?» በምትል አንዲት ጥያቄ ሁለት ምሽት ሙሉ ተጨቃጭቀናል።

ሦስታችን ማለት እኔ፣ የቤቱ ባለቤት የሆነው የአክስቴ ልጅ፣ እና አክስቴ ነን። ስማቸውን አልጽፍም። ለምን እንደማልጽፍ አንባቢ ራሱ ያውቀዋል።

ደባርቅን ለማያውቅ ላስተዋውቅ። ከጎንደር ተነሥቶ አምባ ጊዮርጊስንና ዳባትን አልፎ መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ ሲጓዝ የምትገኝ፣ ብርዷ አጥንት ዘልቆ የሚገባ የደጋ ከተማ ናት። የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ጽሕፈት ቤት ያለው እዚያ ነው። ፓርኩ በ1962 ዓ.ም ተቋቋመ፤ በ1970 ዓ.ም ማለቂያ ላይ ደግሞ ዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ብሎ ከመዘገባቸው የመጀመሪያዎቹ አሥራ ሁለት ሥፍራዎች አንዱ ሆነ። ዋልያ ለማየት፣ ጭላዳ ፎቶ ለማንሳት፣ ራስ ደጀን ጫፍ ለመውጣት የመጣ ፈረንጅ መጀመሪያ ደባርቅ ላይ ይቆማል። ትኬቱን ይቆርጣል፣ መሪና ባለጠመንጃ ስካውት ይይዛል፣ ከዚያ ወደ ተራራው ይወጣል። ከቀናት በኋላ ጸጉሩ አቧራ ለብሶ፣ እግሩ ቆስሎ፣ የድንኳን ሾርባ ሰልችቶት ይመለሳል። የአክስቴ ልጅ ቤቱን የከፈተው ለዚህ ለተመላሹ ሰው ነበር።

ልጁ አዲስ አበባ አንድ ፒዛ ቤት ምድጃ ሥር ስድስት ዓመት ሠርቷል። በ2010 ዓ.ም የአሜሪካኑ ፒዛ ሃት አዲስ አበባ ሲከፈት ጓደኞቹ «እዚያ እንግባ» ሲሉት «የሰው ምድጃ ስሞቅ ከምኖር የራሴን አነዳለሁ» ብሎ በ2011 ዓ.ም አገሩ ገባ። ጊዜውም ደግ ይመስል ነበር። ዩኔስኮ በ1989 ዓ.ም ፓርኩን «አደጋ ላይ ያለ ቅርስ» ብሎ ከመዘገበው ከሃያ ዓመት በኋላ፣ በ2009 ዓ.ም ከዚያ መዝገብ ሰርዞታል። ደባርቅ ዩኒቨርሲቲም ተማሪ መቀበል ጀምሯል። ፈረንጅ አለ፣ ተማሪ አለ፣ ደመወዝተኛ አለ። ታዲያ ፒዛ ለምን አይኖርም?

(ፒዛ ለሰሜን ምኑ ነው የሚል ካለ ደግሞ፣ ጣልያን ሊማሊሞን ጠርቦ መንገድ ያወጣበት አገር መሆኑን አይርሳ። ከደባርቅ እልፍ ብሎ ወልቀፊት ላይ መሽጎ የነበረው የጣልያን ጦር በአርበኞችና በእንግሊዝ ሠራዊት ወራት ሙሉ ተከቦ፣ ስንቁ ተሟጦ፣ መስከረም 1934 ዓ.ም ላይ ነው እጁን የሰጠው። ያን ጊዜ ምድጃው ስንት ሰዓት ላይ ይነድ እንደነበር የጠየቀ የለም። ይቅር፣ ወደ ጉዳዬ ልመለስ።)

የመጀመሪያው የሰዓት ችግር ሳቅ ያለበት ነበር። ልጁ በካርቶን ላይ «ከ6 እስከ 12» ብሎ ጽፎ በሩ ላይ ሰቀለ። እኛ ስናነበው ከእኩለ ቀን እስከ ጀንበር መጥለቂያ ማለት ነው። አንድ ቀን ምድጃውን አጥፍቶ ጠረጴዛ ሲወለውል፣ ከምሽቱ አንድ ሰዓት ላይ ሁለት ፈረንጆች በሩን ያንኳኳሉ። «ዝግ ነው» ይላቸዋል። ካርቶኑን በጣታቸው ያሳዩታል፣ የእጅ ሰዓታቸውን ያሳዩታል። በነሱ ቆጠራ ሰባት ሰዓት ነው፤ ሰባት ደግሞ በስድስትና በአሥራ ሁለት መሀል ነው። እውነታቸውን ነው! እንደገና አንድዶ አበላቸው። ከዚያ ወዲህ በሁለቱም አቆጣጠር መጻፍ ለመደ፤ ምሽቱንም እስከ ሦስት ሰዓት አራዘመው።

ሁለተኛው ችግር የጾም ነው። ይሄንን እንኳ ችግር ማለት ይከብደኛል፣ ምክንያቱም መልሱ ከጥያቄው ጋር አብሮ የመጣ ነበር። ሒሳቡን ላልያዘ ሰው ላስታውስ። ረቡዕና ዓርብ አለ። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው። ጾመ ነቢያት ከኅዳር 15 እስከ ገና ይዘልቃል፤ ፍልሰታ ከነሐሴ 1 እስከ 15፤ ነነዌ ሦስት ቀን፤ የሐዋርያት ጾም እንደ ትንሣኤው አዋዋል ይረዝማል፣ ያጥራል። ሲደመር ከዓመቱ ግማሽ የሚጠጋው ጾም ነው። ፎርማጆ ደግሞ ፍስክ ነው። እንግዲህ ግማሽ ዓመት ዘግቶ የሚኖር ነጋዴ የት አለ?

ነገር ግን ፈጣሪ ሲያስተካክለው እዩ! ፈረንጁ የሚመጣው ዝናቡ ካባራ በኋላ፣ ከጥቅምት ጀምሮ እስከ መጋቢት ባለው ደረቅ ወራት ነው። ጾመ ነቢያትም፣ ዐቢይ ጾምም በብዛት የሚውሉት በዚያው ወቅት ነው። የኛ ሰው ሲጾም ፈረንጁ ይበላል። ከትንሣኤ በኋላ ፈረንጁ ሲመናመን ደግሞ በዓለ ሃምሳ ይመጣል፤ እስከ ጰራቅሊጦስ ድረስ ረቡዕም ዓርብም አይጾምም፤ ተማሪውም፣ አስተማሪውም፣ የባንክ ሠራተኛውም ፎርማጆ ይበላል። አንዱ ሲጎድል ሌላው ይሞላል። ልጁ በ2011 እና በ2012 ዓ.ም መጀመሪያ ላይ በዚህ ሒሳብ ሳምንቱን ሙሉ ከፍቶ ሠርቷል። ክረምቱን ብቻ ሰዓት ያሳጥር ነበር። እናቱ እንደሚሉት ያን ጊዜ «ልጄ ሰው ሆኖ ነበር»።

ከዚያ ወዲህ የሆነውን ሁላችንም እናውቀዋለን። መጋቢት 2012 ዓ.ም ማለቂያ ላይ በኮሮና ምክንያት የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ ፈረንጅ ጠፋ። ጥቅምት 2013 ዓ.ም ጦርነቱ ፈነዳ። በ2013 ዓ.ም ክረምት ጦርነቱ ራሱ ወደ ሊማሊሞ ተጠጋ። በዚያው ነሐሴ ማለቂያ ዳባት ወረዳ ጭና ተክለሃይማኖት ላይ የአካባቢው ባለሥልጣናት በጊዜው እንደተናገሩት ከመቶ በላይ ሰላማዊ ሰዎች ተገደሉ። እዚያ ላይ ስለ ፒዛ አላወራም። ጦርነቱ በ2015 ዓ.ም ጥቅምት በስምምነት ቆመ ተብሎ፣ ሰው የቤቱን ቆርቆሮ ማደስ ሲጀምር፣ ዓመት እንኳ ሳይሞላ ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም ለአማራ ክልል ሌላ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ መጣ። ነሐሴ ላይ ጎንደርን ጨምሮ በስድስት ከተሞች ሰዓት እላፊ ታወጀ። ኢንተርኔት ተዘጋ። ሐምሌ 2016 ዓ.ም ላይ ደግሞ ብር በገበያ ይወሰን ተባለ፤ እርሾውም ዘይቱም ዋጋው ሰማይ ወጣ።

ይሄ ሁሉ ሲሆን ልጁ ምድጃውን አላፈረሰም። ሲችል ይከፍታል፣ ሳይችል ይዘጋል። እኔ ለጥምቀት ጎንደር ወርጄ «እስቲ ደባርቅ ወጥቼ ልያቸው» ብዬ የደረስኩት ይሄ «ሲችል ይከፍታል» የሚባለው አሠራር ቤቱን ሊገድለው ጥቂት ሲቀረው ነው። ለምን? ሰው እስከ ደጁ መጥቶ ዝግ ሲያገኝ አንድ ጊዜ ይስቃል፤ ሁለተኛ ጊዜ ይበሳጫል፤ ሦስተኛ ጊዜ አይመጣም። ዩኒቨርሲቲው ያለ ተማሪ ከብሩ ላይ ብር ቆጥቦ ከጓደኞቹ ጋር ተዋጥቶ የሚመጣ ነው። ያን ልጅ ሁለት ጊዜ ዝግ በር ካሳየኸው አለቀልህ።

እናም ክርክሩ ተጀመረ። የአክስቴ ልጅ «ሳምንቱን ሙሉ፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት እስከ ማታ ሦስት ሰዓት» አለ። ነጥቡ ቀላል ነው፤ ሁልጊዜ ክፍት ከሆነ መቼም የመጣ አይመለስም። እኔ የከተማ ብልጥ ስለሆንኩ (!) «ቅዳሜና እሁድ ብቻ ይበቃሃል» አልኩ። ወጪ ይቀንሳል፣ ሰው ይጠብቅሃል፣ ምናምን። አክስቴ ነጭ ሽንኩርት እየላጡ ዝም ብለው ይሰሙናል። ዳባትና ደባርቅ የነጭ ሽንኩርት አገር ነው፤ እዚያ ቤት ሰው ሲያወራ እጁ ሽንኩርት ይልጣል።

«እኔ እምለው» አሉ በመጨረሻ፣ «ሊጡን መቼ ነው የምታቦኩት?»

ልጁ «ማታ ነዋ፣ እማየ» አላቸው።

«ማታ። ጧት ምን እንደሚመጣ ማን ነግሮሽ ነው ማታ የምታቦኪ?» አሉና ወደ ጓዳ ዞር አሉ። ጥያቄው ሊጥ ለምታቦካው ልጅ ነበር። ልጅቱ ሳቀች። እኔና የአክስቴ ልጅ ግን አልሳቅንም።

እዚህ ላይ አንባቢ ይታገሰኝና የሊጡን ነገር ላስረዳ፣ ምክንያቱም የአገሩ ፖለቲካ ያለው እዚህ ሊጥ ውስጥ ነው። አዲስ አበባ ጠዋት የተቦካ ሊጥ ከሰዓት በኋላ ኩፍ ይላል። ደባርቅ ግን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ናት፤ በጥር ሌሊት እርሾውም እንደ ሰው ይኮራመታል። ስለዚህ ነገ ስድስት ሰዓት ላይ የሚጋገር ሊጥ ዛሬ ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ተቦክቶ ማደር አለበት። እንዲያ ቀስ ብሎ የተነሣ ሊጥ ጣዕሙም ይበልጣል። ከተቦካ በኋላ ግን «ይቅር» አይባልም። እርሾ ትእዛዝ አይሰማም!

ምድጃውም እንደዚያው ነው። የጡብ ምድጃ ነው። ለፒዛ እስኪግል ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል ባሕር ዛፍ ይነድበታል። ሰው መጣም ቀረም እንጨቱ ነደደ። አንድ ቀን አንድዶ ሁለት ቀን ቢዘጋ ጡቡ ይቀዘቅዛል፣ እንደገና ከዜሮ ይጀመራል። በተከታታይ ቀን ከነደደ ግን የትናንቱ ሙቀት ሳይወጣ ስለሚያድር የዛሬው እንጨት ያንሳል። እንግዲህ የሥራ ቀን ሲመረጥ የተበታተነ ቀን ኪሳራ ነው፤ የተያያዘ ቀን ነው የሚያዋጣው። የኔ «ቅዳሜና እሁድ ብቻ» በዚህ ወደቀች። የልጁ «ሳምንቱን ሙሉ» ደግሞ በምን እንደወደቀ አሁን እነግራችኋለሁ።

ነገሩ የሆነው ኅዳር መጀመሪያ ላይ፣ ጾመ ነቢያት ሊገባ ቀናት ሲቀሩት ነው። ልጁ ከጎንደር አራት ኪሎ ፎርማጆ አስመጥቷል። ጾሙ ሳይገባ መሸጥ አለበት። ረቡዕ ማታ ሠላሳ ድቡልቡል ሊጥ ተቦክቶ፣ በጨርቅ ተሸፍኖ አድሯል። ሐሙስ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ አንድ ሰው በደጁ ሲያልፍ ቆም ብሎ «ዛሬ ማንም እንዳይከፍት» ብሎ ሄደ። ማን ነው? ማን ላከው? የሚጠይቅ የለም። ወረቀት የለም፣ ማኅተም የለም። ጎረቤቱ ሁሉ ዘጋ፣ እሱም ዘጋ። አምስት ሰዓት ላይ ሌሎች ሰዎች መጡ። እነዚህኞቹ ደግሞ «ለምን ዘጋችሁ? የማንን ቃል ሰምታችሁ ነው?» አሉ። እነሱም ወረቀት የላቸውም። አክስቴ በር ላይ ቆመው «ከፍተንም ዘግተንም ጥፋተኛ ከሆንን፣ በሩን ነቅላችሁ ውሰዱልን!» ብለው መለሱላቸው አሉ። ሰዎቹም የቤቱን ቁጥር ጽፈው ሄዱ።

በዚያ መሀል መንገዱም ተዘጋ። መኪና ከጎንደር አልወጣም፣ ከደባርቅም አልወረደም። ሐሙስም፣ ዓርብም፣ ቅዳሜም። ሠላሳው ሊጥ ከጨርቁ ሥር አምልጦ ገበታው ላይ ፈሰሰ። አክስቴ ቂጣ አድርገው ጋግረው ለሠፈሩ አከፋፈሉት። ፎርማጆው ጾሙ ሲገባ ለሙስሊም ጎረቤቶቻቸው ተሰጠ፤ የአክስቴ ልጅ «በዚያ ሳምንት ያተረፍኩት የነሱን ምርቃት ብቻ ነው» ብሎኛል። ሊጥ የምታቦካው ልጅ ደግሞ የምትከፈለው በተከፈተ ቀን ነው። ሦስት ሳምንት አልተከፈተም። የዚህች ልጅ ወላጆች በ2008 ዓ.ም ከፓርኩ ውስጥ ከግጭ መንደር ተነሥተው ደባርቅ አጠገብ ከሰፈሩት 418 አባወራዎች መሀል ናቸው። የተራራውን እርሻና የግጦሽ መሬት ትተው ወደ ከተማ ሲመጡ «ቱሪዝም ያበላችኋል» ሲባል መስማቷን ትናገራለች። እስካሁን ያበላት ሊጡ ነው፤ እሱም ሲፈቀድለት።

እዚህ ላይ ልቤ ውስጥ ያለውን ልናገር። ጾሙ ግማሽ ዓመት ፎርማጆ ይከለክላል፤ ግን ቀኑ በባሕረ ሐሳብ ከዓመት በፊት ይታወቃል። ክረምቱ መንገዱን ያጨቀያል፤ ግን በወሩ ይመጣል፣ በወሩ ይሄዳል። የገበያ ቀን በሳምንቱ ነው። መብራት እንኳ ሲጠፋ ሻማ አለ፣ ምድጃው እንጨት ነው። ከነዚህ ሁሉ ጋር የደባርቅ ሰው ሲኖር የኖረ ነው፤ ሰዓቱን አስተካክሎ ያልፋቸዋል። ሊያልፈው ያልቻለው ያለ ቀንና ያለ ሰዓት የሚመጣውን የሰው ትእዛዝ ነው።

በእኛ ዕድሜ ያለ ሰው ሰዓት እላፊ አዲስ ነገር አይደለበትም። ደርግ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም ንጉሡን አውርዶ ሥልጣን ሲይዝ አብሮ ያወጀው ሰዓት እላፊ ነበር። ስንቱ ልጅ በሰዓት እላፊ ምክንያት የጎረቤት ወለል ላይ አድሯል! ደርግን ላመሰግን አይደለም፣ አፌን ይቁረጠው። ግን ያ ክፉ ነገር እንኳ በሬዲዮ ተነግሮ፣ ሰዓቱ ተቆርጦ ነበር የሚመጣው። አሁን ያለው ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 93 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ በማን እንደሚታወጅ፣ ለስንት ጊዜ እንደሚጸና ይዘረዝራል። የ2015ቱ አዋጅም ተራዝሞ በ2016 ዓ.ም ግንቦት ማለቂያ ላይ ጊዜው አብቅቷል። ታዲያ አዋጁ ካለቀ በኋላ፣ ከስምንት ወር በኋላ፣ ደባርቅ ላይ «ዛሬ ዝጋ» እና «ለምን ዘጋህ» የሚለው ከየትኛው አንቀጽ ነው የመጣው? በሞተር ብስክሌት እያለፉ የሚናገሩት አዋጅ ምን ይባላል?

ይሄን ስል አንደኛውን ወገን ብቻ የምናገር የሚመስለው ካለ ተሳስቷል። ጠመንጃ የያዘ ሁሉ፣ ዩኒፎርም ለብሶም ሳይለብስም፣ የድሀውን በር እንደ ባንዲራ ማውለብለብ ይወዳል። በሩ ከተከፈተ «ሕዝቡ ከኛ ጋር ነው»፣ ከተዘጋ «ሕዝቡ ከኛ ጋር ነው»። ሕዝቡ ግን ሊጥ ጋር ነው ያለው!

በርግጥ «ሰላም በሌለበት ቀድሞ መንገር እንዴት ይቻላል? ጠላት ይሰማል» የሚል ባለሙያ አይጠፋም። ስለ ውጊያው ንገሩን አላልንም። ነገ መንገዱ ለመኪና ክፍት ነው ወይስ ዝግ? ሱቅ ይከፈታል ወይስ አይከፈትም? ሰው እስከ ስንት ሰዓት ደጅ መሆን ይችላል? እነዚህን ሦስት ነገሮች እስከ ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት መንገር ለማን ነው የሚከብደው? ከተከለከለም የከለከለው ስሙንና ማኅተሙን ያኑር። ያን ጊዜ ሰው ሊጡን አያቦካም፤ ልጅቱም ለዕለቱ ሌላ ሥራ ትፈልጋለች፤ ነጋዴውም ጎንደር ደውሎ «ፎርማጆውን አትላክ» ይላል። ይህችን ታህል መከበር ለደባርቅ ሰው ይበዛበታል?

ወደ ሁለተኛው ምሽት ልመለስ። የተስማማነው እንዲህ ነው። ቤቱ የሚከፈተው ከሐሙስ እስከ እሁድ፣ አራት ተከታታይ ቀን ነው። ከሰኞ እስከ ረቡዕ ዝግ ነው፤ ማንም «ለምን» ቢል መልሱ ካርቶኑ ላይ ተጽፏል። ሰዓቱ ከቀኑ ስድስት እስከ ምሽቱ አሥራ ሁለት። ምሽቱን ልጁ እያዘነ ነው የተወው፣ ምክንያቱም የድሮው ገቢ የምሽት ነበር፤ ግን ሳይጨልም ቤቱ መግባት የሚፈልግ ደንበኛ ማታ አይመጣም። በዐቢይ ጾም ደግሞ የሚከፈተው ከዘጠኝ ሰዓት ጀምሮ ነው። ጿሚው ቅዳሴ ሳይወጣ አይበላም፤ ባዶ ቤት ምድጃ ማንደድ ለማን ነው? አብዛኛው ፒዛ ሥጋ አይገባበትም፤ ሥጋ ሲገባ የክርስቲያን ነው የሙስሊም ነው ይመጣልና፣ ለአራት ጠረጴዛ ሁለት ወጥ ቤት አይከፈትም።

የዓርብን ቀን የፈረዱት አክስቴ ናቸው። ልጁ «ዓርብ ማን ፒዛ ይበላል? እንዝለለው» ብሎ ነበር።

«ዓርብ ሰው አይርበውም ያለህ ማን ነው?» አሉት። «ድንቹ የኛ፣ ነጭ ሽንኩርቱ የኛ። ፎርማጆ ከጎንደር አይጠበቅ። መንገድ ቢዘጉ በድንች ላይ ምን ያመጣሉ?»

እውነት ነው። በስስ የተከተፈ ድንች፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ቃሪያ፣ ትንሽ ዘይት። ፎርማጆ ስለሌለበት ዋጋው በግማሽ ይቀንሳል፤ ለተማሪ ኪስ የሚሆነውም ይሄው ነው። እኛ እንደ ሙት ቀን የቆጠርነው ዓርብ፣ ከአራቱ ቀን አንዱንም ሳያዛንፍ ሊከፈት የሚችለው እሱ ሆነ። ጣዕሙንም በዚያው ማታ ቀምሻለሁ። አዲስ አበባ «የጾም ፒዛ» ተብሎ በካሮት ተሞልቶ ከሚቀርብልን ይሻላል፣ ከዚህ በላይ አልመሰክርም።

ምድጃው ደግሞ ማታ ላይ ሲበርድ ለዳቦ ይስማማል። ስለዚህ ከአሥራ ሁለት ሰዓት በኋላ በሩ ተዘግቶ ድፎ ይጋገራል፤ ጠዋት ይሸጣል። ፒዛ የማይበላውም ሰው ዳቦ ይበላል። ልጁ መጀመሪያ «እኔ ፒዛ ጋጋሪ ነኝ እንጂ ዳቦ ጋጋሪ አይደለሁም» ብሎ ተኮሳትሮ ነበር። እናቱ ምንም አልመለሱለትም፤ ነጭ ሽንኩርቱን ብቻ ወደሱ ገፋ አደረጉለት።

አንድ ነገር ግን ሳንፈታው ቀረ። ካርቶኑ ላይ «ከሐሙስ እስከ እሁድ፣ ከ6 እስከ 12» ብለን ከጻፍን በኋላ ልጁ እስክሪብቶውን ይዞ «ከሥሩ ምን ልጨምር?» አለ። «ካልተከለከልን በቀር» ብሎ መጻፍ ያስጠይቃል። አለመጻፍ ደግሞ ደንበኛውን መዋሸት ነው። እኔ ጋዜጣ ላይ የምጽፍ ሰው አንዲት ዓረፍተ ነገር ጠፋችብኝ! አክስቴን «እቴቴ፣ አንቱ ምን ይላሉ?» አልኳቸው። «እግዜር ሲፈቅድ በሉት፣ እሱን ማን ይጠይቀዋል» አሉ። እንደዚያው ተጻፈ፤ በእንግሊዝኛው በኩል ግን እንዴት እንደሚተረጎም ስላልተስማማን ሰዓቱን ብቻ ጽፈን ተውነው።

በማግስቱ ረቡዕ ነበር። ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ልጅቱ እጅጌዋን ሰብስባ ዱቄቱን ስትነፋ ጥዬ ወደ መኝታዬ ሄድኩ። ሐሙስ ጠዋት የጎንደር ሚኒባስ ውስጥ ሆኜ ሳልፍ በሩ ገና ዝግ ነው፤ ከጭስ ማውጫው ግን የባሕር ዛፍ ጭስ ይወጣል። በስልክ ስጠይቅ ያን ሐሙስ አሥራ አንድ ሰው ገብቶ በልቷል። ካርቶኑ እስካሁን በሩ ላይ ነው።

ቸር ይግጠመን!